ምዕራፍ ሰባት፦ የመጨረሻዋ መስመር

ደብረ ታቦር ከተማ ውስጥ ያለ አንድ የሒሳብና የግብር አማካሪ ቢሮ እናስብ። አምስት ሠራተኞች፣ አምስት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ማተሚያ፣ በሩንና ኮሪደሩን የሚጠብቁ አራት ካሜራዎች ከነመቅጃቸው፣ ለባለጉዳይ የተከፈተ ዋይፋይም አለው። ይህን ሁሉ ከኢንተርኔት ጋር የሚያገናኘው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ራውተር ነው። በኮምፒውተሮቹ ውስጥ ያለው መረጃ ደግሞ የቢሮው ብቻ አይደለም። ከፋርጣ፣ ከጋይንት፣ ከእስቴ የሚመጡ ነጋዴዎች የሽያጭ መዝገብ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የሠራተኞቻቸው የደመወዝ ዝርዝርና የመታወቂያ ቅጂ እዚያ ተቀምጧል።

ይህ ምዕራፍ ያንን ራውተር እንዴት እንደምናዝዘው ያስረዳል። ጉዳዩ ለወረዳና ለዞን ከተሞቻችን አዲስ ኃላፊነት ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መንግሥት የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን በወረዳኔት፣ ትምህርት ቤቶችን በስኩልኔት ሲያገናኝ መረቡ የሚታዘዘው ከማዕከል ነበር። ዛሬ ግን መስመር ያስገባ የቢሮ ባለቤት የራሱን ራውተር ገዝቶ ይተክላል፤ ደንቡን የሚጽፈውም እሱ ወይም እሱ የቀጠረው ባለሙያ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የሰዎችን መረጃ የሚይዝ አካል መረጃውን የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል።

በምዕራፍ አምስት አንድ የውጭ አድራሻ ለብዙ ኮምፒውተሮች የሚያጋራውን ዘዴ፣ ናትን፣ አይተናል። ናት ከውጭ ሲያዩት አጥር ይመስላል፤ የተሠራው ግን አድራሻ ለመቆጠብ እንጂ ለመጠበቅ አይደለም። ጥበቃ የራሱ መሣሪያ አለው፤ ስሙም ፓኬት ማጣሪያ ነው። ስለ እሱ ይዘን የምንሄደው ሐሳብ አንድ ብቻ ነው፦ የማጣሪያ ጥንካሬ በጻፍናቸው ክልከላዎች ብዛት አይለካም፤ ጨርሶ ባላሰብነው ነገር ላይ የመጨረሻዋ መስመር በምትሰጠው ፍርድ ነው የሚለካው።

በፓኬቱ ላይ የተጻፈው

በምዕራፍ ሦስት እንደተመለከትነው ኮምፒውተሮች መልእክታቸውን የሚልኩት ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን ቁራጭ ፓኬት አድርገው ነው። በተለመደው የቢሮ መስመር አንድ ፓኬት የሚይዘው ቢበዛ 1,500 ባይት ነው። ከዚያ ውስጥ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹ 20 ባይቶች ስለ ጉዞው የሚናገሩ ናቸው፤ ከየት እንደተነሣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በምን ዓይነት አሠራር እንደሚጓዝ ይገልጻሉ። የአሠራሩ ዓይነት በቁጥር ይጻፋል፤ 6 ከሆነ ቲሲፒ፣ 17 ከሆነ ዩዲፒ፣ 1 ከሆነ የመረቡን ጤና የሚያሳውቀው አይሲኤምፒ ነው።

በቲሲፒና በዩዲፒ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እሱም የፖርት ቁጥር ነው። ፖርት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ ጉዳዩ ለየትኛው አገልግሎት እንደሆነ ይለያል። ድረ ገጾች 443ን፣ የድረ ገጽ ስም ወደ አድራሻ የሚቀይረው ዲኤንኤስ 53ን፣ የዊንዶውስ ፋይል መጋሪያ 445ን፣ ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠሪያው ሪሞት ዴስክቶፕ 3389ን ይጠቀማሉ። ቁጥሩ ከ0 ጀምሮ እስከ 65535 ይደርሳል።

ማጣሪያው የሚያየው ይህንኑ ነው። ነገሩን ለመረዳት የሲራራ ንግድ ዘመንን ኬላ ማሰብ ይበቃል። ከጎንደር ተነሥቶ በይፋግ በኩል ወደ ደብረ ታቦር የሚወጣ ነጋዴ ኬላ ላይ ይቆማል። ኬላ ጠባቂው ከየት እንደመጣ፣ ወዴት እንደሚሄድ፣ በቅሎዎቹ ምን እንደጫኑ ይጠይቀዋል፤ ከተሰጠው ትእዛዝ ጋር ያመሳክርና ያሳልፈዋል ወይም ይመልሰዋል። የነጋዴውን ልብ አያውቅም፤ በኪሱ የያዘውን ደብዳቤም ከፍቶ አያነብም። ራውተርም እንዲሁ ነው፤ በፓኬቱ ፊት ላይ የተጻፈውን አንብቦ ይፈርዳል፣ ውስጡን ግን አይመረምርም። ፍርዱ ፈጣን የሆነውም ለዚህ ነው፤ በዋጋ ዝቅ ያለ ራውተር እንኳ በሰከንድ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ፓኬቶችን ይዳኛል።

ከላይ ወደ ታች

ደንቦች የሚጻፉት በዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ደንብ ሁለት ክፍል አለው፤ መለያና ፍርድ። መለያው «ከእንግዳ ዋይፋይ የመጣ፣ ወደ ሠራተኞች ኮምፒውተር የሚሄድ» የሚል ዓይነት ነው። ፍርዱ «አሳልፍ» ወይም «ጣል» ይላል። ራውተሩ ፓኬት በደረሰው ቁጥር ዝርዝሩን ከላይ ወደ ታች ያነባል። መለያው የገጠመለትን የመጀመሪያ ደንብ ሲያገኝ በዚያው ይፈርዳል፤ ከዚያ በታች ያለውን አይመለከትም።

ስለዚህ ቅደም ተከተል የደንቡን ያህል ክብደት አለው። አንድ ባለሙያ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፈ እንበል፦

1. ከእንግዳ ዋይፋይ ወደ የትኛውም ቦታ የሚሄደውን አሳልፍ።
2. ከእንግዳ ዋይፋይ ወደ ሠራተኞች ኮምፒውተር የሚሄደውን ጣል።

ሲያዩት ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ እንግዳ ኢንተርኔት ያገኛል፣ የሠራተኛው ኮምፒውተር ይጠበቃል። በተግባር ግን ሁለተኛው መስመር መቼም አይነበብም። «የትኛውም ቦታ» የሠራተኞችን ኮምፒውተርም ስለሚጨምር የመጀመሪያው መስመር ሁሉንም ጠቅልሎ አሳልፏል። መስመሮቹ ቦታ ቢለዋወጡ ኖሮ ሐሳቡ ይሠራ ነበር። ከዚህ የምናገኘው ሥርዓት ይህ ነው፦ የተለየው ደንብ ከላይ፣ አጠቃላዩ ከታች ይቀመጣል። ከሁሉም በላይ አጠቃላይ የሆነው ደግሞ ሁሉንም የሚነካው ስለሆነ ቦታው ከሁሉም በታች ነው። ያቺ የመጨረሻዋ መስመር ናት።

ያልተጻፈው በማን ይዳኛል?

ኬላ ጠባቂው ትእዛዙ ውስጥ ያልተጠቀሰ መንገደኛ ቢመጣበት ምን ያደርጋል? ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ «ያልተከለከለ ሁሉ ይለፍ» ነው፤ ሌላው «ያልተፈቀደ ሁሉ ይመለስ» ነው። ሁለቱም ሥርዓት ናቸው፤ የሚለያዩት ስህተት በተፈጠረ ቀን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ጄሮም ሶልትዘርና ማይክል ሽሮደር የተባሉ ሁለት የኮምፒውተር ሳይንቲስቶች በኮምፒውተር ውስጥ ያለን መረጃ ስለ መጠበቅ አንድ ጥናታዊ ጽሑፍ አወጡ። ካስቀመጧቸው መርሆዎች አንዱ ይህን ጥያቄ የሚመልስ ነው፤ ውሳኔ በክልከላ ሳይሆን በፈቃድ ላይ ይመሥረት ይላል። ያቀረቡት ምክንያት እስከ ዛሬ አልተሸነፈም። ፈቃድ መስጠት የረሳ ሰው ስህተቱ ወዲያው ይጮኻል፤ ሥራው የቆመበት ሠራተኛ መጥቶ «ማተሚያው አልሠራ አለኝ» ይላል፣ ጉዳዩም በአምስት ደቂቃ ይስተካከላል። መከልከል የረሳ ሰው ስህተት ግን ዝም ይላል። ሁሉ ነገር ይሠራል፤ የሚያማርር የለም። የተከፈተውን በር ቀድሞ የሚያገኘውም ባለቤቱ ሳይሆን ሌባው ነው።

ቁጥሩም ይህንኑ ያሳያል። አደገኛ ናቸው ያልናቸውን ሃያ ፖርቶች መርጠን ብንዘጋ፣ በቲሲፒ ብቻ 65,516 ፖርቶች ክፍት ይቀራሉ። የሚያስፈልጉንን ቆጥረን ብንፈቅድ ግን የአንድ አነስተኛ ቢሮ ዝርዝር አንድ ገጽ አይሞላም። የሚከለከለው ነገር ዝርዝር በየቀኑ ሌላው ሰው በሚፈጥረው አደጋ ልክ ይረዝማል። የሚፈቀደው ዝርዝር የሚያድገው በእኛ ሥራ ልክ ብቻ ነው፤ ሥራችንን ደግሞ እናውቀዋለን።

ለዚህ ነው ራውተር ሲገዛ መጠየቅ ያለበት አንድ ቁም ነገር አለ የምንለው። ሁሉም ራውተር ስላልተጻፈው ነገር ያለው ልማድ አንድ አይደለም። በሲስኮ ራውተሮች የተጻፈ የፈቃድ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ባይታይም «የቀረውን ከልክል» የሚል መስመር እንዳለ ይቆጠራል። በሀገራችን አነስተኛ ቢሮዎች ጭምር በሚታወቀው የላትቪያው ማይክሮቲክ ላይ ግን የትኛውም ደንብ ያልገጠመው ፓኬት ያልፋል፤ ክልከላውን በግልጽ መጻፍ የባለቤቱ ፋንታ ነው። ተመሳሳይ ደንብ በሁለቱ ላይ የጻፈ ሰው፣ የመጨረሻዋን መስመር ከዘነጋ፣ አንዱን ዘግቶ ሌላውን ከፍቶ ይሄዳል።

ንግግሩን ማን ጀመረው?

ሁሉን ዝጉ ስንል ወዲያው አንድ ችግር ይነሣል። የቢሮው ሒሳብ ሠራተኛ አንድ ድረ ገጽ ስትከፍት ጥያቄዋ ወደ ውጭ ይወጣል፤ መልሱ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ ነው የሚመጣው። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ የሚጣል ከሆነ መልሱም ይጣላል ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ማጣሪያዎች ትዝታ አልነበራቸውም፤ እያንዳንዱን ፓኬት ከዚያ በፊት ምንም እንዳላዩ ሆነው ይዳኙት ነበር። ኮምፒውተሯ መልስ የምትጠብቀው በጊዜያዊ ፖርት፣ ለምሳሌ በ51514 ላይ ነው፤ ቁጥሩም በየጊዜው ይለወጣል። ስለዚህ መልስ እንዲገባ የሚፈልግ ሰው ከ1024 ጀምሮ ያሉትን ፖርቶች በጅምላ ለመክፈት ይገደድ ነበር፤ ይህም 64,512 በር ነው። የመጨረሻዋ መስመር ብትዘጋም ከላይዋ ያለው ቀዳዳ ትርጉም ያሳጣታል።

መፍትሔው ለጠባቂው መዝገብ መስጠት ነበር። ከኬላው የወጣው ነጋዴ ይመዘገባል፤ ሲመለስ መዝገቡ ታይቶ ያልፋል። ያልወጣ ሰው «ተመላሽ ነኝ» ቢል ግን መዝገቡ ያጋልጠዋል። ይህ ትዝታ ያለው ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1994 ቼክ ፖይንት የተባለው ኩባንያ ባወጣው ምርት ገበያ ላይ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው የሊኑክስ ከርነል 2.4 ደግሞ ነጻ ሶፍትዌር ውስጥ ገባ። ዛሬ ርካሽ የሚባለው ራውተርም ይህ መዝገብ አለው። ራውተሩ እያንዳንዱን ፓኬት ከአራት ሁኔታዎች በአንዱ ይመድበዋል፦ አዲስ ንግግር የሚጀምር፣ የተጀመረ ንግግር አካል የሆነ፣ ከተጀመረ ንግግር ጋር የተያያዘ፣ ወይም ከምንም ጋር የማይገጥም።

በዚህ መዝገብ ምክንያት የዝርዝራችን የመጀመሪያ መስመር «የተጀመረ ንግግር አካል የሆነውን አሳልፍ» ትሆናለች። ከዚህ በኋላ የምንጽፈው ደንብ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ንግግር የመጀመር መብት ያለው ማን ነው? የመጀመሪያዋ መስመር መልስን ታስገባለች፤ የመጨረሻዋ መስመር ያልተጠራን ታስቀራለች።

ወደ ኬላው የመጣና በኬላው የሚያልፍ

ሌላ አንድ ልዩነት አለ። አንዳንዱ መንገደኛ ኬላውን አልፎ ወደ ከተማ ይሄዳል፤ አንዳንዱ ግን ጉዳዩ ከኬላ ጠባቂው ጋር ነው። ራውተሩም ለሁለቱ ለየራሳቸው ዝርዝር አለው። በእሱ በኩል ለሚያልፈው ፓኬት ያለው ዝርዝር «ፎርዋርድ» ይባላል፤ ወደ ራሱ ወደ ራውተሩ ለሚመጣው ያለው ደግሞ «ኢንፑት»። ሁለቱ ለየብቻ ይነበባሉ፤ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው የመጨረሻ መስመር ያስፈልጋቸዋል።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሮቹን ሲጠብቅ ራውተሩን ራሱን ይረሳዋል። ራውተር ግን ኮምፒውተር ነው፤ የሚታዘዝበት ገጽ፣ የይለፍ ቃል፣ እንደማንኛውም ሶፍትዌር ደግሞ ስህተት አለው። እ.ኤ.አ. በ2018 በማይክሮቲክ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም በዊንቦክስ ላይ ያለ የይለፍ ቃል የሚያስወስድ ክፍተት ታወቀ። ኩባንያው በዚያው ዓመት በሚያዝያ ማስተካከያ ቢያወጣም፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት በዓለም ዙሪያ ከ100 ሺህ በላይ ራውተሮች ተጠልፈው ለሌሎች ሰዎች ዲጂታል ገንዘብ ማምረቻ ሆኑ። ዊንቦክስ የሚጠቀመው 8291 ፖርትን ነው። የኢንፑት ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ «የቀረውን ጣል» የሚል መስመር የነበረው ራውተር በሩ ከኢንተርኔት ለሚመጣው ጠላፊ አልታየም። የዚያ ራውተር ባለቤት ስለ ክፍተቱ ሰምቶ ሊሆን ይችላል፤ ላይሰማም ይችላል። የመጨረሻዋ መስመር ባለቤቷ ያልሰማውን አደጋ ትመልሳለች።

የቢሯችን ደንቦች

አሁን የደብረ ታቦሩን ቢሮ ደንብ መጻፍ እንችላለን። በመጀመሪያ መረቡ በሦስት ይከፈላል፤ የሠራተኞች፣ የእንግዶችና የካሜራዎች። ክፍፍሉ አስፈላጊ የሚሆነው በአንድ መረብ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮች እርስ በርስ ሲነጋገሩ በራውተሩ ማጣሪያ ስለማያልፉ ነው። ኬላ መንገድ ላይ ይቆማል እንጂ ግቢ ውስጥ አይቆምም።

ወደ ራውተሩ ራሱ ለሚመጣው፣ ለኢንፑት፦

1. የተጀመረ ንግግር አካል የሆነውንና የተያያዘውን አሳልፍ።
2. ከምንም ጋር የማይገጥመውን ጣል።
3. አይሲኤምፒን አሳልፍ።
4. ከሥራ አስኪያጇ ኮምፒውተር ብቻ ወደ መቆጣጠሪያው የሚመጣውን አሳልፍ።
5. ከውስጥ መረቦች ለስም ጥያቄ (ፖርት 53) እና ለአድራሻ መቀበያ (ፖርት 67) የሚመጣውን አሳልፍ።
6. የቀረውን ሁሉ ጣል።

በራውተሩ በኩል ለሚያልፈው፣ ለፎርዋርድ፦

1. የተጀመረ ንግግር አካል የሆነውንና የተያያዘውን አሳልፍ።
2. ከምንም ጋር የማይገጥመውን ጣል።
3. ከሠራተኞች መረብ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደውን አሳልፍ።
4. ከሠራተኞች መረብ ወደ ካሜራ መቅጃው የሚሄደውን አሳልፍ።
5. ከእንግዶች መረብ ወደ ኢንተርኔት የሚሄደውን አሳልፍ።
6. የቀረውን ሁሉ ጣል።

አይሲኤምፒን ማሳለፍ አንዳንዱን ያስገርማል፤ ለጥንቃቄ ብሎ ሙሉ በሙሉ የሚዘጋው ብዙ ነው። ነገር ግን መንገድ ላይ ያለ ሌላ ራውተር «ፓኬትህ ለዚህ መስመር ትልቅ ነው፣ አሳንሰው» የሚለው በዚሁ ነው። እሱ ሲዘጋ አንዳንድ ድረ ገጾች ያለምክንያት መሐል ላይ ይቆማሉ፤ ሰው ግን መስመሩን ይወቅሳል።

አምስተኛው የኢንፑት መስመር «ከውስጥ መረቦች» የሚል ቃል ባይኖረው ኖሮ ደግሞ ራውተሩ በዓለም ላይ ላለ ማንም ሰው የስም ጥያቄ መላሽ ይሆን ነበር። አጥቂዎች እንዲህ ያሉ ራውተሮችን ፈልገው በሌላ ሰው ስም ይጠይቋቸዋል፤ ትንሹ ጥያቄ ትልቅ መልስ ሆኖ በተጠቂው ላይ ይወርዳል።

አሁን ዝርዝሩን መልሰን እንየው። ስለ ካሜራዎቹ ወደ ኢንተርኔት መውጣት አንድም ቃል አልጻፍንም። እንግዳ ወደ ሠራተኞች ኮምፒውተር እንዳይደርስም አልጻፍንም። ከውጭ ወደ 445 ወይም ወደ 3389 የሚመጣውን በስም አልከለከልንም። ሁሉም ግን ተከልክለዋል፤ ስድስተኛዋ መስመር ዳኝታቸዋለች።

የካሜራው ጉዳይ ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለ ፕሮግራም ኢንተርኔት ላይ የተጋለጡ ካሜራዎችን፣ መቅጃዎችንና የቤት ራውተሮችን እያሰሰ፣ ፋብሪካው የሰጣቸውን ያልተቀየረ የይለፍ ቃል እየሞከረ በቴልኔት በር፣ በፖርት 23፣ ገባባቸው። ጥቅምት 11 ቀን 2009 ዓ.ም. እነዚሁ መሣሪያዎች በአንድነት ዳይን በተባለ የአሜሪካ የዲኤንኤስ ኩባንያ ላይ ዘመቱ፤ ትዊተርንና ኔትፍሊክስን የመሰሉ ትልልቅ ድረ ገጾች ለሰዓታት ለብዙ ሰው አልከፍት አሉ። የካሜራዎቹ ባለቤቶች ምንም አላወቁም፤ ካሜራው እንደ ወትሮው በሩን ያሳያቸው ነበር።

የቢሮው ባለቤት አዲስ አበባ ሆኖ በስልኩ ካሜራውን ማየት ቢፈልግስ? ቶሎ የሚመጣው መፍትሔ ከውጭ ወደ መቅጃው ቀጥተኛ በር መክፈት ነው። ይህ ለእሱ ብቻ የሚከፈት አይደለም፤ ለዓለም ሁሉ ነው። የተሻለው በምዕራፍ ስድስት ያየነው ቪፒኤን ነው፤ ባለቤቱ መጀመሪያ ማንነቱን አረጋግጦ ወደ ቢሮው መረብ ይገባል፣ ካሜራውን የሚያየው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚያ የሚጨመሩት ጥቂት የፈቃድ መስመሮች ናቸው፤ ቦታቸውም ከመጨረሻዋ በላይ ነው።

አጭር ዝርዝር ለምን ይሻላል?

ደንብ ሲከማች ይኖራል። አንዱ ባለሙያ ለአንድ ቀን ብሎ የጨመረው ይረሳል፤ ተከታዩ ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ለመሰረዝ ይፈራል። እ.ኤ.አ. በ2004 የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው አቪሻይ ዉል በሥራ ላይ ያሉ የ37 ፋየርዎሎችን (የመረብ ማጣሪያዎችን) ደንብ መርምሮ ውጤቱን አሳተመ። ያገኘው ግልጽ ነበር፤ ደንቡ በተወሳሰበ ቁጥር ስህተቱ በዝቷል።

ዝርዝሩን አጭር አድርጎ ለመያዝ ሁለት ልማዶች ይረዳሉ። የመጀመሪያው ከእያንዳንዱ ደንብ ጎን ለምን እንደተጻፈ፣ በማን ጥያቄ፣ በየትኛው ቀን እንደሆነ በአማርኛም ይሁን በእንግሊዝኛ ማስታወሻ መጻፍ ነው። ሁለተኛው ቆጣሪውን ማንበብ ነው። ራውተሩ በእያንዳንዱ ደንብ ስንት ፓኬት እንደተዳኘ ይቆጥራል። ከሳምንት በኋላ ዜሮ ያለበት የፈቃድ ደንብ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ አያስፈልግም፣ ወይ ከላዩ ያለው ሰፊ ደንብ ሸፍኖታል። ሁለቱም መታየት አለባቸው።

የመጨረሻዋ መስመር ደግሞ ከመጣሏ በፊት ብትመዘግብ መልካም ነው። መዝገቡን የሚያነብ ሰው ከውጭ የሚመጣውን የማያቋርጥ የበር ሙከራ ያያል። ከውስጥ የተጣለውን ግን በተለይ ያጥና፤ አንድ ኮምፒውተር ወደማያውቀው ቦታ ደጋግሞ ሊወጣ ሲሞክር ከተገኘ ብዙ ጊዜ የበሽታ ምልክት ነው።

መብራት ሲጠፋ፣ ባለሙያው ሩቅ ሲሆን

ደንብ ትክክል ሆኖ ተጽፎም ሊጠፋ ይችላል። በሲስኮ ራውተር ላይ የተጻፈ ለውጥ እስኪቀመጥ ድረስ በጊዜያዊ ማስታወሻ ውስጥ ነው ያለው፤ በሊኑክስ የተሠሩ ብዙ ማጣሪያዎችም እንዲሁ ናቸው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩ የሚነሣው በአሮጌው ደንብ ነው። ስለዚህ ደንቡን ማስቀመጥ፣ ቅጂውንም ከራውተሩ ውጭ ማኖር፣ ከዚያም ራውተሩን አጥፍቶ አስነሥቶ ማረጋገጥ የሥራው ክፍል ነው።

በሰዓት የተገደበ ደንብ ደግሞ ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግዳ ዋይፋይ ከጠዋቱ 2:30 እስከ ምሽቱ 11:30 ብቻ ይሥራ ካልን፣ ራውተሩ የሚያውቀው 8:30 እና 17:30 ነው። አብዛኞቹ አነስተኛ ራውተሮች የሰዓት ባትሪ የላቸውም፤ መብራት ከመጣ በኋላ ትክክለኛውን ሰዓት ከኢንተርኔት እስኪቀበሉ ድረስ ቀኑ ያለፈ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሰዓት የሚያመሳስለውን አገልግሎት ማብራትና የሰዓት ክልሉን የአዲስ አበባ ማድረግ ያስፈልጋል።

ባለሙያው ከባሕር ዳር ሆኖ በርቀት የሚሠራ ከሆነ ሌላ አደጋ አለ። «የቀረውን ጣል» የምትለውን መስመር የራሱን መግቢያ ከሚፈቅደው ደንብ በፊት ካስገባት፣ ራሱን ውጭ ይዘጋል፤ በሩን ለመክፈት በወረታ አድርጎ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መምጣት ሊኖርበት ነው። ለዚህ መሣሪያው መላ አለው። ማይክሮቲክ «ሴፍ ሞድ» የሚባል አሠራር አለው፤ ግንኙነቱ ከተቋረጠ ለውጡን በራሱ ይመልሳል። በሲስኮ ደግሞ ለውጡን ሳያስቀምጡ «ከ10 ደቂቃ በኋላ ተነሣ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል፤ ነገሩ ከተበላሸ ራውተሩ ወደ ቀድሞው ደንብ ይመለሳል፣ ከተሳካ ትእዛዙ ይሰረዛል።

ማጣሪያው የማይደርስበት

ማጣሪያ የሚዳኘው በፊት ላይ የተጻፈውን ነው። ዛሬ አብዛኛው የድረ ገጽ ጉዞ በ443 ፖርት በምስጢር ተቆልፎ ስለሚሄድ፣ መልካሙም ክፉውም በአንድ መንገድ ያልፋል። ሠራተኛ በኢሜይል የመጣለትን አጥፊ ፋይል ከከፈተ፣ ንግግሩን የጀመረው ከውስጥ ነውና ራውተሩ ያሳልፈዋል። በፍላሽ የገባ ቫይረስ ደግሞ በራውተሩ በኩል ጨርሶ አልመጣም።

ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ያናወጠው ዋናክራይ የተባለ አጥፊ ፕሮግራም ይህን ድንበር በግልጽ አሳይቷል። በ445 ፖርት እየተዛመተ በ150 ያህል ሀገራት ከ200 ሺህ በላይ ኮምፒውተሮችን ቆልፎ ገንዘብ ጠየቀ። 445ን ከውጭ የዘጋ ቢሮ ከኢንተርኔት በቀጥታ አልተያዘም። የተያዘ ላፕቶፕ ይዞ ወደ ቢሮ የገባ ሰው ቢኖር ግን በሽታው በሠራተኞች መረብ ውስጥ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ይዘላል፤ ራውተሩም አያየውም። ለዚያ መድኃኒቱ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ያወጣው ማሻሻያና ከመረቡ ተነጥሎ የሚቀመጥ የመረጃ ቅጂ ነበር። ሁለቱን በሚቀጥለው ምዕራፍ እናያቸዋለን።

የባለቤቱ ጥያቄ

የቢሮ ባለቤት ራሱ ደንብ ላይጽፍ ይችላል። ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ወጣት ወይም ሌላ ባለሙያ ይጽፍለት ይሆናል። ይህን ምዕራፍ ያነበበ ባለቤት ግን ሥራውን ሲረከብ የሚጠይቀውን ያውቃል፦ በኢንፑትም በፎርዋርድም የመጨረሻዋ መስመር ምን ትላለች?

መልሱ በሁለቱም «የቀረውን ሁሉ ጣል» ከሆነ፣ ከላይ ያሉትን መስመሮች አንድ በአንድ እያነሣ «ይህ ለየትኛው ሥራችን ነው?» ብሎ ይቀጥል፤ ምክንያት ያልተገኘለት ፈቃድ ይሰረዝ። መስመሯ ከሌለች ግን ዛሬውኑ ትጨመር። የምትጨመረውም ሁሉም ሠራተኛ ገብቶ፣ ማተሚያው እየሠራ፣ ባለጉዳይም ባለበት በሥራ ሰዓት፣ ባለሙያው አጠገብ እያለ ይሁን። የተረሳ ፈቃድ ካለ የሚጮኸው ያኔ ነው፤ ጩኸቱን የሰማ ባለሙያም በዚያው ቀን ያስተካክለዋል።